ሚስ ፓክማን ገዝቼ ቤዝመንት አስገባሁ፤ ይበራል ግን አይጫወትም

አባ ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አሮጌ ዕቃ የሚነካካ ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

የ1982ቱን ሚስ ፓክማን፣ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበትን የጌም ማሽን፣ ገዛሁ። ተቀምጠው የሚጫወቱበትን ጠረጴዛውን ሳይሆን የቆመውን፣ ቁምሳጥን የሚያክለውን። ሰውየው ጋራዡ ውስጥ ብዙ ዓመት አስቀምጦታል። «ፊውዝ ብቻ ነው የጎደለው» አለኝ። ፊውዝ ብቻ ቢሆን ራሱ ቀይሮ በሦስት እጥፍ ይሸጠው ነበር፤ ይኼ አልጠፋኝም። ግን 500 ዶላር ነው ያለው። ልጆቼ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። በዘመድ ቫን ተጭኖ መጣ።

አሁን ከጆተኒው ጎን ቆሟል። ያንን ክፍል የቤተሰብ መጫወቻ እያደረግሁት ነው። ፒንግ ፖንግ አለ፣ ጆተኒ አለ፣ ስልክ ይዞ መግባት የለም። ሚስቴ ማሽኑን ዞር ዞር ብላ አየችና «ለገና እንግዳ ሳይመጣ ወይ ይሠራል ወይ ይወጣል» አለች።

ሕመሙ ይኼን ይመስላል። ስሰካው ከላይ ስሙ የተጻፈበት መስታወት ይበራል። ስክሪኑም ይበራል፣ ግን ፊደልና ቁጥር ተደበላልቆ ይመጣል። ጥፍት ይላል። እንደገና ሌላ የተደበላለቀ ነገር ያመጣል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጠዋት ቤዝመንቱ ሲቀዘቅዝ ግን አንዳንዴ በትክክል ይነሳል። ሙዚቃው ይሰማል፣ ሚስ ፓክማን ትንሽ ትሄዳለች፣ ከዚያ ያው ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ያየሁት ሌላ ነገር፣ ጆይስቲኩ ወደ ላይ እንቢ ይላል። ምስሉም ከግራና ከቀኝ ጠቦ መሃል ላይ ተሰብስቧል፣ ጠርዙ ይወዛወዛል። ከታች በኩል እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ደግሞ ሦስተኛ ጥርሱ ተቆርጧል።

ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። መልቲሜትር አለኝ። ሶልደር አደርጋለሁ፣ ግን እስከዛሬ የቻርጀር ገመድና የልጆች መኪና ነው የሠራሁት። ከየት ልጀምር?


ቢኒ (አትላንታ)

አባ ናቲ፣ አትድከም። ውስጡን እንዳለ አውጣው። 19 ኢንች ኤልሲዲ፣ 60 ጌም በአንድ ላይ ያለበት ቦርድ፣ አንድ ትንሽ ፓወር ሰፕላይ። ቅዳሜ ጀምረህ እሁድ ማታ ትጨርሳለህ። ጋላጋም ዶንኪ ኮንግም ሚስ ፓክማንም አብረው ይመጣሉ። ልጆች ልዩነቱን አያውቁትም። እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት፣ እስካሁን ጀርባውን ከፍቼው አላውቅም። 40 ዓመት ያለፈው ቴሌቪዥን ልጆች ያሉበት ቤት ማስቀመጥ ለእኔ አይገባኝም።


ፊውዝ ቬጋስ (ላስ ቬጋስ)

ወንድሜ አባ ናቲ፣ እንኳን ደስ ያለህ። መጀመሪያ ንቀለው።

ከሶኬት ንቀለው ማለቴ ነው። ሦስተኛው ጥርስ የሌለው ማሽን ልጅ ባለበት ክፍል ተሰክቶ አያድርም። ሳንቲም የሚገባበት በር ብረት ነው። ውስጥ አንድ ገመድ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ፊውዙ ሳይቃጠል ማሽኑ ዝም ብሎ ይሠራል። ልጁ በባዶ እግሩ የቤዝመንት ሲሚንቶ ላይ ቆሞ በሩን ሲይዝ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ስምንት ዶላር የማይሞላ ነው፤ ባለ ሦስት ሽቦ አዲስ ገመድ። አረንጓዴው ከትራንስፎርመሩ ብረት ጋር በብሎን ይጠበቅ። ከዚያ ወደ ሳንቲሙ በር፣ ወደ ጆይስቲኩ ብረትና ወደ ሞኒተሩ ፍሬም የሚሄዱት የግራውንድ ሽቦዎች እንዳሉ ተከተላቸው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ፈትቶ ሳይመልሳቸው ይቀራል። ስትጨርስ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ሦስተኛው ጥርስ ላይ፣ ሌላውን የሳንቲሙ በር ላይ። ዜሮ አካባቢ ካላነበበ አትሰካው።

ስለ እኔ ለማያውቁኝ፦ ቴሌቪዥን ጥገና የለመድኩት ፒያሳ ነው። ቬጋስ ከመጣሁ ወዲህ የካዚኖ ማሽን ነው ስጠግን የኖርኩት፣ ስሎቱ ሁሉ ፒክቸር ቲዩብ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጋራዤ ውስጥ ያሉትን ማሽኖች ባለቤቴ ቆጥራቸዋለች፣ እኔ አልቆጠርኳቸውም።

ሁለተኛ፣ ፊውዞቹን እያንዳንዱን አውጥተህ እይ። አገር ቤት ፊውዝ ሲቃጠል ከሲጋራ ፓኬት ብሩን ወረቀት ጠቅልለን እንመልሰው ነበር፣ እዚህም ያንኑ የሚያደርግ ሞልቷል። ብር ወረቀት ካገኘህ፣ ወይም ከተጻፈው አምፒር የሚበልጥ ፊውዝ ካገኘህ፣ ያ ማለት አንድ ነገር ደጋግሞ ሲያቃጥለው ነበር ማለት ነው። ከፍ ያለ አትተካ። የተጻፈውን ብቻ።

አሁን ወደ ሕመሙ። ምስሉን ለጊዜው እርሳው። ሰው ሁሉ ስክሪኑን ስለሚያይ ከስክሪኑ ይጀምራል። ያንተ ዋና ችግር ግን ቦርዱ ነው፣ ቦርዱም ታሞ ሳይሆን ርቦት ይመስለኛል።

ያ መጥፋትና መመለስ ዋችዶግ የሚባል ነገር ሥራ ነው። ፕሮግራሙ በየትንሽ ጊዜው «አለሁ» እያለ ምልክት መስጠት አለበት። ካልሰጠ ያ ሰርኪት ቦርዱን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ቦርዱ በቂ 5 ቮልት ካላገኘ ቺፖቹ ይሳሳታሉ፣ ምልክቱ ይቀራል፣ ዋችዶጉ ያስነሳዋል፣ እንደገና ይሳሳታል። አንተ የጻፍከው ይኼንን ነው። «ሲቀዘቅዝ ይነሳል» ያልከው ደግሞ ጥቆማ ሰጠኝ። የላላ ወይም የተቃጠለ ግንኙነት ሲሞቅ ይብስበታል።

የፓክማን ዘር የሆነ ማሽን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከታች ካለው ትራንስፎርመር ወደ ቦርዱ የሚሄደው የተስተካከለ 5 ቮልት አይደለም። 7 ቮልት አካባቢ ኤሲ ነው። ወደ ዲሲ የሚቀይረውና 5 የሚያደርገው ቦርዱ ራሱ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ከረንት በጠርዙ ላይ ባለው ባለ 44 ግንኙነት ኮኔክተር ያልፋል። ከ40 ዓመት በላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ስፕሪንግ ይላላል። ይጠቁራል። ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ኮኔክተሩን ቀስ ብለህ ሳበውና አያይዘህ እይ። ቡናማ ወይም ጥቁር የሆነ ጥርስ ካየህ አገኘኸው።

በሥራ ላይ ለመለካት ዜድ80 የሚለውን ባለ 40 እግር ቺፕ ፈልግ። እግር 11 ፖዘቲቭ 5 ነው፣ እግር 29 ግራውንድ። መለኪያውን እዚያ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ ሁለት እግር ሳታገናኝ። ከ4.75 በታች ከሆነ ስለ ቺፕ ማውራት አያስፈልገንም።

ቦርዱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ወርቃማ ጣቶች በነጭ ላጲስ ጥረግ፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። ኮኔክተሩ ራሱ ከተቃጠለ አይጸዳም፣ አዲስ ግዛ። እንዲህ ዓይነት ጠንካራ ሥራ ላይ ቸኩሎ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ የሚሰካ ሰው አለ። ቦርዱ ኤሲ የሚጠብቅ ስለሆነ ሳይለወጥ እንዲያ አይሆንም።

ሌላ ማየት ያለብህ፦ ትልቁ ቦርድ ላይ በሪባን ገመድ የተንጠለጠለ ትንሽ ቦርድ ታገኛለህ። እሱ ትርፍ አይደለም፣ ሚስ ፓክማን ማለት እሱ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ጄኔራል ኮምፒውተር የሚባል ኩባንያ ነበር፣ ከኤምአይቲ የወጡ ወጣቶች ያቋቋሙት። የፓክማን ማሽን ላለው ሰው የሚሸጥ ማሻሻያ ሠሩ፣ ስሙ ክሬዚ ኦቶ ይባል ነበር። ሚድዌይ ገዛውና ሚስ ፓክማን አደረገው። ስለዚህ ያንተ ማሽን ውስጥ ያለው ትልቁ ቦርድ የፓክማን ቦርድ ነው። ዜድ80ው ከቦታው ተነቅሎ ወደ ትንሹ ቦርድ ሄዷል፣ በቦታው ሪባኑ ተሰክቷል። ያ ሪባን ሲያረጅ በትንሽ ንክኪ ያብዳል። ቮልቱን ካስተካከልክ በኋላም ካልተነሳ፣ ዜድ80ውን ወደ ድሮ ቦታው መልሰህ ትንሹን ቦርድ አስወግደህ አስነሳው። ፓክማን ከተጫወተ ትልቁ ቦርድ ጤነኛ ነው፣ በሽታው ትንሹ ጋ ነው። ከዚህ የተሻለ ነጻ ምርመራ የለም።

ቢኒ ወንድሜ፣ ባዶ ሳጥን ቢገዛ ያልከውን እኔም እለዋለሁ። የዚህ ሰው ቦርድ ግን ጠዋት ጠዋት ይነሳል። የሚነሳ ቦርድ አይጣልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።


ሜላት (ሚኒያፖሊስ)

ጋሼ ፊውዝ ቦርዱን ያዙ፣ እኔ እንጨቱን ልያዝ።

አባ ናቲ፣ መጀመሪያ ልጠይቅህ። ጋራዥ የቆየ ማሽን ቀጥታ ቤዝመንት አስገባኸው? ጀርባውን ክፈትና በባትሪ መብራት እየው። አይጥ የሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ ጎጆ ይሠራል፣ ሽቦም ይበላል። በረሮ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሞቅ ስለሚል እዚያ ነው የሚሰፍረው። ሰክተህ ከመሞከርህ በፊት በቫኪዩም አጽዳው። ማስክ አድርግ።

ያበጠው ቺፑድ ከሆነ አይመለስም። በኮላ ተጭኖ ይመለሳል የሚሉ አሉ፣ እኔ ሲቆይ አላየሁም። ውሃ የጠጣውን ክፍል በቀጥታ መስመር ቆርጠህ አውጣ፣ በዚያው ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ቁረጥና ከውስጥ በኩል ደጋፊ እንጨት አድርገህ በኮላና በብሎን እሰረው። ውፍረቱን ራስህ ለካ፣ ሱቅ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እውነተኛው ውፍረት ይለያያል። መጋጠሚያውን ለመኪና ቦዲ በሚሆነው ስቱኮ ሙላው። የእንጨት ስቱኮ እግሩ አካባቢ ይሰነጠቃል፣ ሰው ማሽኑን ስለሚገፋው።

ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው! እሱ ስቲከር አይደለም፣ እንጨቱ ላይ የታተመ ቀለም ነው። አንዴ ከሄደ የምትገዛው ቅጂ ነው። በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ጥረገው። የተፋቀ ቦታ ካለ ያንን ቦታ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ሙላ። እኔ ትንሽ ጭረት ያለበትን ማሽን ከአዲስ ስቲከር እመርጣለሁ። የጠርዙ ፕላስቲክ ግን አዲስ ይገዛል፣ ርካሽ ነው፣ ማሽኑንም ወዲያው ያሳምረዋል። ጎድጎዱ ውስጥ በፕላስቲክ መዶሻ ነው የሚገባው።

አዲስ ካደረግከው በኋላ ከታች የብረት እግር ግጠምለት። ቤዝመንት ውሃ ይገባል። አንድ ጣት ያህል ከወለል ከፍ ካለ እንጨቱ አይጠጣም።


አባ ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሜላት፣ አይጥ የለም ግን የአይጥ ማስረጃ አለ። በቫኪዩም ወጣ።

አዲሱ ገመድ ገባ። የሳንቲሙ በር ግራውንድ እንደተናገሩት ተፈትቶ ተንጠልጥሎ ነበር። አሰርኩት፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት ኦም ያነባል። ፊውዞቹ ውስጥ አንዱ በትክክል ብር ወረቀት ለብሷል! ናቲ «ሰው ለምን ከረሜላ እዚህ ያስቀምጣል» አለኝ።

ዜድ80 ላይ 4.4 አነበብኩ። ቀስ እያለ ወደ 4.3 ይወርዳል። ኮኔክተሩን ሳወጣው ሁለት ጥርስ ጥቁር ነው፣ ፕላስቲኩ አብጦ ተጣብቋል። አዲስ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ድረስ ስለ ምስሉ ልጠይቅ። ቲዩቡ፣ የስክሪኑ መስታወት፣ ሞቷል ማለት ነው? ከግራና ከቀኝ የጠበበው ሆሪዞንታል የሚባለው ነው አይደል? ዩቲዩብ ላይ እንደዚያ ነው የሚሉት።


ፊውዝ ቬጋስ (ላስ ቬጋስ)

4.4 ላይ እስካሁን ለመነሳት መሞከሩ ራሱ ይገርማል። ጥሩ ቦርድ ነው ያለህ።

ቲዩቡ አልሞተም። የሞተ ቲዩብ ይደበዝዛል፣ አይጠብም። የጠበበውም ሆሪዞንታል አይደለም። ሞኒተርህ በጎኑ የተኛ ነው። ፓክማንና ሚስ ፓክማን ምስላቸው ቁመቱ የሚበልጥ ስለሆነ፣ 224 በ288 ነጥብ፣ ተራ 19 ኢንች ሞኒተር 90 ዲግሪ ዞሮ ነው የተገጠመው። ስለዚህ አንተ ግራና ቀኝ የምትለው ለሞኒተሩ ላይና ታች ነው። ችግርህ ቨርቲካሉ ጋ ነው። የቨርቲካል ሰርኪቱ ትናንሽ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። የሚወዛወዘው ጠርዝ ደግሞ የፓወሩ ትልቁ ፊልተር ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰው የተኛ ሞኒተር አልገጠመው ይሆናል።

ሁለቱም በአንድ ሥራ ይድናሉ። ለእያንዳንዱ ሞኒተር ዓይነት ካፓሲተሮቹ በሙሉ ተሰብስበው በአንድ ፓኬት ይሸጣሉ። ርካሽ ነው። አንድ አንድ እያወጣህ፣ አንድ አንድ እያስገባህ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን እያየህ። ሁሉንም ነቅለህ ጠረጴዛ ላይ እንዳታፈሳቸው። መንገድ ላይ እያለህ የፍላይባኩንና (ለቲዩቡ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ትራንስፎርመር ነው) የኮኔክተሮቹን እግር በአዲስ ሶልደር ንካቸው። ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይኖርባቸዋል።

አሁን ቆም ብለህ አንብብ። ይኼን ክፍል ለልጆች አይደለም ለአዋቂም ደግሜ ነው የምናገረው።

ሞኒተሩ ሲሠራ ቲዩቡ ላይ ወደ 20 ሺህ ቮልት ገደማ አለ። ስትነቅለውም ቲዩቡ ራሱ ካፓሲተር ስለሆነ ይይዘዋል። ስለዚህ ከመንካትህ በፊት ታራግፈዋለህ። እጀታው ሙሉ ፕላስቲክ የሆነ ረጅም ካቻቢቴ ያዝ። ብረቱ ላይ በመቆንጠጫ ሽቦ እሰር፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቲዩቡን ከያዘው የብረት ፍሬም ጋር። ከቦርዱ ሂትሲንክ ጋር አይደለም፣ ከፍሬሙ። ሰዓትና ቀለበት አውልቅ። አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። በሌላው የካቻቢቴውን ጫፍ ቲዩቡ ላይ ባለው የጎማ ቆብ ሥር ብረቱን እስኪነካ አስገባ። ጠቅ ሊል ይችላል፣ ምንም ላይልም ይችላል። ትንሽ ቆይተህ ድገመው፣ ቻርጁ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ሌላው፣ ከቲዩቡ ኋላ ያለችው ቀጭን የመስታወት አንገት። ሰው በኤሌክትሪክ ከሚጎዳው በላይ ቲዩብ በአንገቱ ነው የሚሞተው። ክንድህ ቢነካት ተሰበረች፣ አየር ገባ፣ አለቀ። እንደ ድሮው ሱቅ ሄዶ አዲስ መግዛት ቀርቷል። ትንሿን ቦርድ ከአንገቷ ላይ ስታወጣ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ፣ ሳትጠመዝዝ።

ሦስተኛው፣ ሞኒተሩን አውጥተህ ብቻውን ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው። ያ ዘመን ሞኒተር ቻሲው፣ ማለት ከቲዩቡ ጋር ያለው የሞኒተሩ ቦርድ፣ ከመብራት መስመሩ ተለይቶ አልተሠራም። ማሽኑ ውስጥ ያለው አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ነው የሚለየው። ያለ እሱ ከተሰካ ቻሲው ራሱ ይይዝሃል።

ሲያልቅ ምስሉ አሁንም ጠበብ ካለ ቮልቱን ከፍ አድርገህ ለማስፋት አትሞክር። ሞኒተርህ ኤሌክትሮሆም ጂ07 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ዋናው የሥራ ቮልት፣ ቢ ፕላስ የሚሉት፣ 120 ነው፣ እዚያው ይቀመጥ። ለስፋቱ የራሱ ማስተካከያ አለው።

መስኮት ክፈት፣ የድሮ ሶልደር ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ አትንካ።


ቢኒ (አትላንታ)

ጋሼ ፊውዝ፣ ይኼን ሁሉ አንብቤ እኮ ነው ኤልሲዲ ያልኩት። 20 ሺህ ቮልት፣ የሚሰበር አንገት፣ የሚይዝ ቻሲ። ሰውየው አውቶቡስ ነው የሚነዳው!


ፊውዝ ቬጋስ (ላስ ቬጋስ)

አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ከእኔና ካንተ የበለጠ ጥንቃቄ ያውቃል።

ያልከው ፍርሃት ትክክል ነው። አባ ናቲ ሞኒተሩ ካስፈራህ ቻሲውን ብቻ አውጥተህ በፖስታ የምትልክላቸው ጠጋኞች አሉ፣ ቲዩቡ ማሽኑ ውስጥ ይቀራል። እሱ ነውር የለውም። ግን ኤልሲዲ ላይ ሁለት ነገር ልበል። ይኼ ቦርድ የሚያወጣው ምስል 15 ኪሎኸርትዝ ነው፣ ተራ ኤልሲዲ አይቀበለውም፣ መቀየሪያ ይፈልጋል። በቀየርከው ቁጥር ነጥቦቹ ይለጠጣሉ። ቲዩብ ላይ ግን እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ተሳለችው ትበራለች። ልጆች ልዩነቱን አያውቁም የምትለውን ደግሞ አልቀበልህም። እዚህ ቬጋስ የፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም አለ። ልጆች የሚሰለፉት ስልካቸው ላይ ያለውን ጌም እዚያም ለመጫወት አይደለም።


የካዛንቺስ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ጋሼ። እኔ አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ በኮንቴይነር እንዲህ ያለ ማሽን ልላክልህ ይላል። በእኛ መብራት ይሠራል? 50 ኸርትዝ ላይ ጌሙ ቀርፋፋ ይሆናል የሚል ሰው አለ። መብራት ሲሄድ ሲመጣስ?


ፊውዝ ቬጋስ (ላስ ቬጋስ)

ጌሙ አይቀርፍም። የሚስ ፓክማን ፍጥነት የሚመጣው ቦርዱ ላይ ካለው 18.432 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ነው። ዜድ80ው የዚያን ስድስተኛ ይወስዳል። የመብራት ኃይልን ኸርትዝ አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ትራንስፎርመሩ ነው። 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ብሎ የተሠራ የብረት ትራንስፎርመር 50 ላይ ይሞቃል። ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፣ ማሽኑ ከሚፈልገው በእጥፍ የሚበልጥ አቅም ያለው። መጀመሪያ ሰዓት ሁለት ሰዓት እያስኬድክ የማሽኑን ትራንስፎርመር በእጅህ ጀርባ ንካ፣ ነቅለህ። ካቃጠለህ አቁም። መብራት ሲመጣ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ራሱ የሚቆርጥና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚመልስ መከላከያ ከፊቱ አድርግ፣ ፍሪጅ ላይ የምትሰካውን ዓይነት።

ግን እኔ ብሆን ሳጥኑን አላስጭንም። ከባድ ነው፣ መርከብ ላይ ቲዩቡ ይሰበራል። ወንድምህ ጃማ የሚባለውን ቦርድ ብቻ በሻንጣ ይላክልህ። ከ1985 ጀምሮ የመጣ መስፈርት ነው፣ ባለ 56 ግንኙነት፣ ብዙ ጌም በእሱ ላይ ነው የተሠራው። ሳጥኑን እዚያው አናጺ ይሠራልሃል። ለስክሪኑ ምን አለሽ ተራ ዞር በልና ከኋላው ስካርት የሚባል ሰፊ መሰኪያ ያለው ወፍራም የአውሮፓ ቴሌቪዥን ፈልግ። ስካርቱ አርጂቢ (ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ) ከተቀበለ 15 ኪሎኸርትዙ ይስማማዋል። በመሃል ግን ቦርዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር የምታገናኝ ሱፐርጋን የምትባል መሣሪያ ታስፈልጋለች፣ ምልክቱንም የምትቀንስ ትሁን፣ የጌም ቦርዱ ቀለም ምልክት ለቴሌቪዥን ኃይለኛ ነው።


አባ ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ኮኔክተሩ መጣ፣ ገባ። 4.98። ተነሳ! ሳይቋረጥ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጀምሮ እስከ ማታ ሠራ። ምስሉ ያው ጠባብ ነው፣ ግን ማንም ግድ አልሰጠውም። ሚስቴ ሦስተኛውን ሜዝ ደርሳለች፣ ወደ ላይ የማይሄድ ጆይስቲክ ይዛ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ሦስት ጥያቄ። አንደኛ ጆይስቲኩ። ሁለተኛ ልጆቹ ሳንቲም ሲያልቅባቸው በሩን ከፍተው ያወጡና መልሰው ይከታሉ። ሦስተኛ ማታ ሳጠፋው ሪከርዱ ጠፋ፣ ናቲ ለቅሶ ተቀመጠ። የሚቀመጥበት ባትሪ ሞቶ ነው?


ፊውዝ ቬጋስ (ላስ ቬጋስ)

ባትሪ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ሚስ ፓክማን ሲጠፋ ሪከርዱን ይረሳል። የሚያስቀምጥ ተጨማሪ ኪት ይሸጣል፣ ግን ገና ነው። አሁን ወረቀት ለጥፉና ፈርሙበት።

ጆይስቲኩ ማይክሮ ስዊች አይደለም፣ ሁለት ሁለት ቀጭን የብረት ቅጠል ነው። ፓነሉን ክፈት። ወደ ላይ ስትገፋው የሚነካኩትን ሁለቱን ፈልግ። አልኮል የነካ ካርቶን በመሃላቸው አስገብተህ፣ ቅጠሎቹን በጣትህ ጫን አድርገህ፣ ካርቶኑን ሳበው። ጥቁር ይዞ ይወጣል። ሞረድ አትጠቀም። ከዚያም ካልነካኩ የውጪኛውን ቅጠል በፒንሳ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ ጎንበስ አድርገው። ሳይገፉት መራራቅ፣ ሲገፉት መነካካት አለባቸው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አዲስ ስትገዛ ደግሞ ባለ አራት አቅጣጫ ግዛ። ባለ ስምንቱ ማዕዘን ላይ ያደናቅፋል።

ሳንቲሙን በነጻ ማድረግ ይቻላል፣ ቦርዱ ላይ ትናንሽ ማብሪያዎች አሉ፣ ፍሪ ፕሌይ የሚል አቀማመጥ አላቸው። እኔ ግን አላደርገውም። ኳርተር ያለቀበት ልጅ ተነስቶ ለእህቱ ይለቃል። በሩን ቆልፍ፣ ቁልፉን ሚስትህ ትያዝ።

ጠባቡን ምስል ለገና እናደርሰዋለን። ካፓሲተር ከማዘዝህ በፊት ጀርባውን ክፈትና ሞኒተሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሳልኝ፣ ሳትነካ። ጂ07 ነው ወይስ ዌልስ ጋርድነር የሚባለው ሌላው የሞኒተር ዓይነት የሚለውን አይቼ የትኛውን ፓኬት እንደምትገዛ እነግርሃለሁ።